ትሏን ያየ ልጅ

ደባርቅ ያደገ ሰው የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። እኔም አምስተኛ ክፍል ሒሳብ የወደቅኩ ጊዜ አያቴ ምድጃ ዳር አስቀምጣ ነግራኛለች። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ወድቆ መነሳት ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ታሪኩን እንደገና እንዳስበው የሚያደርግ ነገር ገጠመኝ።

መምህራችን አንድ ዛፍ ለግማሽ ሰዓት ተመልክተን ያየነውን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ ሆዬ ስለ ደን ጥቅም አንድ ገጽ ሞላሁ። ውጤቱ ከአሥር ሦስት! ለካ ዛፉ የምን ዛፍ እንደሆነ እንኳ አልጻፍኩም።

እንደ ትውፊቱ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ተወለደ። አባቱ ሲሞት አጎቱ መምህር ጌዴዎን ሊያስተምሩት ወሰዱት። ትምህርቱ ግን አልገባ አለው፤ ተገረፈ፤ ጠፍቶም ሄደ። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር አረፍ ሲል አንዲት ትል ፍሬ ልትበላ ግንዱን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ አየ። በመጨረሻ ደረሰች። እሱም ተመልሶ ተማረ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተገርፎ የሸሸ ልጅ ትሏ እስክትደርስ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ውድቀቷ ተነስቼ ሄጄ ነበር።

ኋላም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ከሦስት ወፎች እንደሰማ ይነገራል። ድጓው የዓመቱን ወቅቶች ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ክረምቱም አበባውም የየራሱ ዜማ አለው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ትለዋለች። ይህን ሳስብ ጃፓኖች ትዝ ይሉኛል። እነ ባሾ (እ.ኤ.አ. 1644–1694) የጻፉት ሃይኩ የተባለ ባለ 17 ቀለም ግጥም ወቅትን የሚያመለክት ቃል እንዲኖረው ልማዱ ያዛል። ሕዝቡም በየጸደዩ ሳኩራ ሲያብብ ዛፉ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይቀመጣል። አገሩ ሩቅ ነው፤ ማየቱ ግን አንድ ነው።

ያሬድ አንድ ቀን ሲዘምር አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው የጦራቸው ጫፍ እግሩን ወጋው፤ ሁለቱም አልታወቃቸውም ይባላል። ንጉሡ ለካሳ የፈለገውን እንዲጠይቅ ሲፈቅዱለት የጠየቀው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ገዳም ለመሄድ ነው። የመጣውም ወደኛ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። እዚሁ እያስተማረ ኖሮ እዚሁ ተሰወረ፤ በዓሉም ግንቦት 11 ይከበራል።

ለእረፍት ከጎንደር ተሳፍሬ፣ ዳባትን አልፌ ደባርቅ እንደገባሁ በማግስቱ ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ በእግሬ ወጣሁ። አንድ አስታ ሥር ተቀመጥኩ። ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም ግራጫ ሽበት ተንጠልጥሏል። ቁራ መጥቶ አረፈ፣ ጉም መጣ፣ ቁራው ጠፋ፣ ድምፁ ግን ቀረ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

የቤት ሥራውን እንደገና ጽፌ ሰጥቻለሁ። ውጤቱን ገና አልሰማሁም።