ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እና የሕፃናት ጉዳይ በዓለም አደባባይ

የሕፃናት መብት በኢትዮጵያ ሲነሳ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሀገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ከተቀበለችበት ከ1983 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ጉዳዩ በዓለም አቀፍ መድረክ ከኢትዮጵያ ጋር የተቆራኘው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ሀገራቸው ሴቶችና ሕፃናት ለዓለም ከተናገሩት መካከል ራሳቸው ገና ለአካለ መጠን ያልደረሱት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል። የልዕልቲቱ አጭር ሕይወት አቤቱታ ምን ሊያስገኝ እንደሚችልና በምን ላይ እንደሚቆም በግልጽ ያሳያል።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እና ከእቴጌ መነን አስፋው ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በአባልነት ጥያቄው ላይ ከተነሱት ዋና ተቃውሞዎች አንዱ የባሪያ ንግድ ነበር፤ ከሚሸጡትና ከሚለወጡት መካከልም ሕፃናት ነበሩበት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት አዋጅ አስነገሩ። በተከታዩ ዓመት መግቢያ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1924፣ እንግሊዛዊቷ ኤግላንታይን ጄብ ያረቀቁትን የጄኔቫ የሕፃናት መብቶች መግለጫ ማኅበሩ አጸደቀ። መግለጫው በአምስት አጫጭር ነጥቦች የተራበ ሕፃን እንዲመገብ፣ የታመመ እንዲታከም፣ በመከራ ጊዜ ርዳታ ከሁሉ በፊት ለሕፃናት እንዲደርስና ከብዝበዛ እንዲጠበቁ አዋቂዎችን ያዝዛል። ሕፃኑ ራሱ እንዲናገርና እንዲደመጥ ግን አይጠቅስም። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበር አባል ስለነበረች የቃሉ ተካፋይ ነበረች ማለት ይቻላል።

ቃሉ ከኑሮው ምን ያህል ይርቅ እንደነበር በቤተ መንግሥቱ ውስጥ እንኳ ይታይ ነበር። የልዕልት ፀሐይ ታላቅ እኅት ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በልጅነት ዕድሜያቸው ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተድረው ከጋብቻው ጥቂት ጊዜ በኋላ ዐረፉ። የዘመኑ ልማድ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅና በገበሬ ልጅ መካከል በዚህ ረገድ ብዙ ልዩነት አያደርግም ነበር።

በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በራዲዮ የሰላም ጥሪ አስተላለፉ፤ መልእክቱን ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝኛ አሰሙ። ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት አልሞላም ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላም ከእናታቸው ጋር የሀገሪቱ ሴቶች ለቁስለኞችና ለችግረኞች ርዳታ በሚያሰባስቡበት ማኅበር ውስጥ ሠሩ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አየር ኃይል የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በሕዝቡ ላይ ሲያዘንብ ለብሪታንያ ሴቶች በቀጥታ አቤት አሉ። የአቤቱታው ፍሬ ነገር ጋዙ ወታደርን ከእናትና ከሕፃን የማይለይ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ሲሆን ኢጣልያ ፈርማበታለች፤ ስለዚህ ልዕልቲቱ የጠየቁት አዲስ ሕግ ሳይሆን የነበረው ሕግ እንዲከበር ነው።

ይህ ተሳትፎ በሁለት ወገን መመዘን አለበት። በአንድ በኩል ንግግሩ የመንግሥት ዲፕሎማሲ ክፍል ነበር፤ ልዕልቲቱም የተደመጡት የንጉሠ ነገሥት ልጅ በመሆናቸው ነው። ከጋዙ የሸሹት የትግራይና የወሎ ሕፃናት ማንም መድረክ አልሰጣቸውም። በሌላ በኩል ስለ ሕፃናት አዋቂዎች ብቻ ይናገሩ በነበረበት ዘመን አንዲት ወጣት ልጅ በራሷ ድምፅ ለዓለም መናገሯ ከ1924ቱ መግለጫ አልፎ የሄደ ተግባር ነው። ውጤቱ ግን መራራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቫ ቆመው የማኅበሩን አባላት ወቀሱ። ማኅበሩ ወዲያው በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ።

በእንግሊዝ ሀገር በስደት ሳሉ ልዕልት ፀሐይ የመረጡት መንገድ ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ነጥብ ነው። አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ ወደ ሙያ ዞሩ። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የሕፃናት ነርስነት ተማሩ፤ ቀጥሎም በጋይስ ሆስፒታል በአጠቃላይ ነርስነት ሠለጠኑ። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ወቅትም በሥራቸው ላይ ነበሩ። ለዘመኑ የኢትዮጵያ መኳንንት የሕመምተኛን ገላ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ የአገልጋይ ሥራ እንደነበር ሲታሰብ ምርጫው ቀላል አልነበረም።

ሀገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ልዕልቲቱ ተመልሰው በሙያቸው ማገልገል ጀመሩ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ፣ ነቀምት፣ ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕፃናትንና እናቶችን ለማዳን የተማሩት ባለሙያ በሀገሪቱ ቁጥር ስፍር የሌላቸውን እናቶች በሚያጠፋው ምክንያት ሞቱ። ሥልጣንና ማዕረግ በቅርብ ያልተደራጀ የሕክምና አገልግሎትን ሊተኩ አልቻሉም።

ከሞታቸው በኋላ የቀጠለው ሥራ የዓለም አቀፍ አቤቱታን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በጋዜጣቸው ለኢትዮጵያ ሲከራከሩ የኖሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት በብሪታንያ ገንዘብ እንዲሰበሰብ አስተባበሩ። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አዋላጆችን ለማሠልጠን ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። በዚያም በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ የደረሰባቸውን ሴቶች አገኙ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሰውነታቸው ሳይጠና የተዳሩና የወለዱ ልጃገረዶች ነበሩ። ከዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተወለደ። የመታሰቢያው ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ቢባልም የተዘራው ፍሬ አልጠፋም።

ሕጉም በበኩሉ ተራምዷል። እ.ኤ.አ. የ1989 ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት ሰጥቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብቶች ዘርዝሯል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 36 የመደመጥን መብት በስም አይጠቅስም። መብቱ ወደ ሀገሪቱ ሕግ የሚገባው ሕገ መንግሥቱ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል በሚያደርገው በአንቀጽ 9 በኩል ነው።

የዚህ ሁሉ መለኪያ ያለው ከዋና ከተማው ውጭ ነው። ስንዴና ገብስ በሚመረትበት በአርሲ ደጋ፣ ለምሳሌ በዲክሲስ ወረዳ፣ አንዲት ልጅ በራሷ ጋብቻ፣ በትምህርቷና በከብት ጥበቃ በሚያልፍ ቀኗ ላይ ቃሏ የሚሰማው በቤተሰብ ሸንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ በትምህርት ቤትና በቀበሌ ነው። የልዕልት ፀሐይ ታሪክ ለእነዚህ መድረኮች የሚያስተላልፈው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የልጅ ድምፅ በአባቷ ማዕረግ ከተደመጠ ዕድል እንጂ መብት አይባልም። ሁለተኛ፣ ተደምጦም ቢሆን በአቅራቢያው የሠለጠነ አዋላጅ፣ ነርስና መምህር ከሌለ ቃሉ ሕይወት አያተርፍም። ልዕልቲቱ ሁለተኛውን በሕይወታቸው ተረድተው በሥራ ለመመለስ ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ግን ከእርሳቸው በኋላ ለመጣው ትውልድ የቀረ ሥራ ነው።