ሮበርት ናፒየር

ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር (ኅዳር 28 ቀን 1803 – ጥር 7 ቀን 1882 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 6 ቀን 1810 እስከ ጃንዋሪ 14 ቀን 1890) የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ፣ የጦር አዛዥና በመጨረሻም ፊልድ ማርሻል ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወቀው በ1860 ዓ.ም. በዓፄ ቴዎድሮስ ላይ የተላከውን የመቅደላ ዘመቻ በመምራቱ ነው። ዘመቻው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከ መቅደላ አምባ ድረስ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ተራራና ገደል አቋርጧል። በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከውጊያው ይበልጥ አዛዡን ያሳሰበው ስንቅ፣ ጥይትና መድፍ በምን ተጭኖ ተራራው ላይ እንደሚወጣ ነበር።

ልጅነትና ትምህርት

ናፒየር የተወለደው በሴሎን (በዛሬዋ ስሪ ላንካ) በኮሎምቦ ከተማ ነው። አባቱ ሻለቃ ቻርልስ ናፒየር የመድፈኛ መኮንን ነበር። አባቱ በጃቫ ደሴት የኮርኔሊስ ምሽግ በተያዘበት ውጊያ ቆስሎ ስለ ሞተ፣ የልጁ ሁለተኛ ስም የዚያ ምሽግ መታሰቢያ ሆነ። ናፒየር እንግሊዝ አገር በሚገኘው በአዲስኮምብ የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1826 ወደ ቤንጋል መሐንዲሶች ክፍል ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ህንድ ደረሰ።

በህንድ የሠራው ሥራ

በህንድ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራው መስኖና መንገድ ነበር። በሂማላያ ተራሮች ግርጌ የምትገኘው የዳርጂሊንግ ከተማ ስትቆረቆር ቦታውን የቀየሰውና ከሜዳው ወደ ተራራው የሚያወጣውን መንገድ ያስጀመረው እሱ ነው። እንግሊዞች ከሲኮች ጋር ባደረጓቸው ሁለት ጦርነቶች ተካፍሎ ቆስሏል። ፑንጃብ በእንግሊዝ እጅ ከወደቀች በኋላ ዋና መሐንዲስ ሆኖ መንገዶችንና የመስኖ ቦዮችን አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1857 በተነሣው የህንድ ዐመፅ ጊዜ በላክናው ተዋግቷል፤ በ1860 ደግሞ ወደ ቻይና ዘምቶ የታኩ ምሽጎች ሲያዙ ነበር። በ1865 የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ሆነ። በዚህ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ የአርባ ዓመት ያህል የመሐንዲስነትና የውትድርና ልምድ ነበረው።

የዘመቻው ምክንያት

ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህና በሌሎች ምክንያቶች ተቆጥተው ቆንስሉን ካሜሩንን፣ ሚሲዮናውያንንና በኋላም ለድርድር የተላከውን ሆርሙዝድ ራሳምን አሰሩ። እስረኞቹ በመቅደላ አምባ ተቀመጡ። የእንግሊዝ መንግሥት በኦገስት 1867 እ.ኤ.አ. ጦር ለመላክ ሲወስን ናፒየር አዛዥ ሆኖ ተመረጠ። እሱም ጥቂት ፈጣን ጦር ይዞ መሮጥን አልመረጠም፤ ብዙ ጦር፣ ብዙ የጭነት ከብት፣ በየመንገዱም የስንቅ ማከማቻ እንዲኖረው ጠየቀ። ወደ 13 ሺህ ወታደርና ከዚያ የሚበልጥ ተከታይ፣ እንዲሁም ከ40 ሺህ በላይ የጭነትና የሥጋ ከብት ተዘጋጀ።

የማጓጓዣ ምርጫ

ከባሕር ወደብ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ አንድ ዓይነት አልነበረም። ዳርቻው ውሃ የሌለበት በረሃ ነው፤ ከዚያ ጠባብና ድንጋያማ ሸለቆ ይከተላል፤ ከሰንዓፌ በኋላ ደጋው ይጀምራል፤ ከእንጣሎ በስተ ደቡብ ደግሞ ተራራውና ገደሉ ይበረታል። ስለዚህ ናፒየር በአንድ ማጓጓዣ ብቻ አልተማመነም፤ ለየመልክዓ ምድሩ የሚስማማውን መደበ።

ከዙላ ወደብ ጀምሮ ከ20 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ግመል ለበረሃው ተመደበ። ወደ ሰንዓፌ በሚያወጣው ሸለቆ ድንጋይ እየተፈለጠ የጋሪ መንገድ ተጠረገ። ለደጋው ዋናው ተሸካሚ በቅሎ ሆነ፤ ጭነቷ ትንሽ ቢሆንም ጋሪ በማያልፍበት ቀጭን መንገድ ታልፋለች። ቀላሉ የተራራ መድፍ የተሠራው ተፈታቶ አፈሙዙ በአንዲት በቅሎ፣ እግሩና መንኮራኩሩ በሌሎች በቅሎዎች እንዲጫን ተደርጎ ነው። የአርምስትሮንግ መድፍና ትልልቆቹ ሞርታሮች ግን ከበቅሎ አቅም በላይ ነበሩ። ለእነዚህ ናፒየር ከህንድ 44 ዝሆኖች በመርከብ አስመጣ። ዝሆን ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጠጣል፣ ቁልቁለት ላይም በዝግታ ይሄዳል፤ ሆኖም መንኮራኩር በማይሽከረከርበት ቦታ ከባድ መድፍ ሊሸከም የሚችል ሌላ እንስሳ አልነበረም።

በዙላ የደረሰው ችግር

ምርጫው በወረቀት ላይ መልካም ቢሆንም መጀመሪያው በጥፋት ተሞላ። በቅሎዎቹ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከቱርክ፣ ከስፔን፣ ከጣልያንና ከህንድ ተገዝተው ሲደርሱ ብዙዎቹ ኮርቻም ልጓምም ነጂም አልነበራቸውም። በየወደቡ የተቀጠሩት ነጂዎች ቋንቋቸው የተለያየ ነበር፤ ከብት አያያዝ የማያውቁም ነበሩባቸው። በዙላ የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ የባሕሩ ውሃ በመርከብ ላይ በእንፋሎት እየተጣራ ይቀዳ ነበር፤ ይህም ለሺህ ከብት አልበቃም። በጥም፣ በረኃብና በበሽታ ብዙ በቅሎና ግመል ሞተ፤ የፈረስ በሽታም በሰንዓፌ አካባቢ ብዙ ፈረሶችን ፈጀ።

ናፒየር ታኅሣሥ 24 ቀን 1860 ዓ.ም. ዙላ ሲደርስ ይህን ሁኔታ አገኘ። ደህና ሆኖ የቆየው ከላሆር የመጣው የበቅሎ ክፍል ነበር፤ ምክንያቱም በቅሎው፣ ኮርቻውና የለመደው ነጂ አንድ ላይ ሆነው ስለ መጡ ነው። ናፒየርም የጭነቱን ክፍል እንደገና አደራጀ፤ የውሃና የመኖ ቦታዎችን በየርቀቱ አቆመ፤ የጦሩንም እርምጃ ከስንቁ እርምጃ ጋር አስተካከለ።

ሌላው መፍትሔ ከአገሩ ሰው መጣ። ናፒየር የካቲት 18 ቀን ከትግራዩ ገዥ ከደጃዝማች ካሳ (በኋላ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ) ጋር ተገናኝቶ በሰላም ለማለፍና ስንቅ ለመግዛት ተስማማ። እንግሊዞች ብዙ የማርያ ቴሬዛ ብር ይዘው ስለ ነበር ገበሬው እህል፣ ገብስና ሣር ይሸጥላቸው፣ በራሱም አህያና በሬ ከማከማቻ ወደ ማከማቻ ያመላልስላቸው ጀመር። የተመረጡት የውጭ ከብቶች ያልቻሉትን ሸክም ብዙውን ጊዜ የተሸከሙት የአገሩ ከብቶች ናቸው።

ከእንጣሎ ወደ ዋድላ

እስከ እንጣሎ ከባዱ መድፍ እየተጎተተ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ግን መንኮራኩር ተትቶ መድፉ በዝሆን ጀርባ ላይ ወጣ። ጦሩ በመጋቢት ወር ሐሸንጌ ሐይቅን አልፎ ወደ ላስታ ዘለቀ። የዛሬዎቹ አላማጣ፣ ቆቦና ሮቢት የሚገኙበት የራያ ቆላ ከዚህ መንገድ በስተ ምሥራቅ፣ ከገደሉ ግርጌ ተዘርግቶ ይታያል። በዛሬ ጊዜ መኪና ወደ ወልድያ የሚሄደው በዚያ በሜዳው፣ በቆቦና በሮቢት በኩል ነው፤ የናፒየር ጦር ግን ደጋውን ይዞ ከተራራ ወደ ተራራ ተሻገረ። በራያና አዘቦ በኩል የስንቁ ተጓዦች አልፎ አልፎ ጥቃት ይደርስባቸው ነበር።

በላት ሰፈር ናፒየር ጓዙን ቆረጠ። መኮንንም ሆነ ወታደር ከጥቂት ነገር በቀር ይዞ እንዳይሄድ ታዘዘ፤ ብዙ ተከታይም ወደ ኋላ ተመለሰ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ወታደሩ ብርድና ዝናብ እየወረደበት አደረ። በቅሎዎቹ ግን ከልብስና ከድንኳን ይልቅ እህልና ጥይት ለመሸከም ተረፉ።

የዓፄ ቴዎድሮስ መንገድ

በዚሁ ጊዜ ከምዕራብ በኩል ሌላ ከባድ ጭነት ወደ መቅደላ ይመጣ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠሩ መድፎቻቸውን ይዘው ወጡ። ከሁሉ የሚበልጠው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የመረጡት ባለ መንኮራኩር ሠረገላ ነው፤ ሠረገላውንም የሚጎትተው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነበር። ሠረገላ ያለ መንገድ ስለማይሄድ ገደሉ እየተናደ፣ ዐለቱ በባሩድ እየተሰበረ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ተሠራ፤ ዓፄ ቴዎድሮስም ከሠራተኞቹ ጋር ሆነው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በመጋቢት ወር መጨረሻ ገደማ መድፎቹ መቅደላ ደረሱ።

የናፒየር ጦር ከዋድላ ደጋ ወርዶ የጅጣን ጥልቅ ገደል ለመሻገር ሲደርስ ይህን መንገድ አገኘው። ሴባስቶፖል የወረደበትና የወጣበት መንገድ ስለ ነበር ዝሆኖቹም መድፎቻቸውን ተሸክመው በእሱ ላይ ወረዱ፤ ወደ ደላንታም ወጡ። መንገድ በመሥራት ያረጀው ናፒየር ይህን የተራራ ሥራ በአድናቆት ተመልክቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው ያበጁት መንገድ በመጨረሻ የጠላታቸውን መድፍ ወደ ደጃፋቸው አቀረበ።

የመቅደላ ውጊያ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዓርብ የእንግሊዝ ጦር ከበሽሎ ወንዝ ወጥቶ ወደ አሮጌ ሜዳ ሲደርስ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ከፋላ ተራራ ወርደው ገጠሙት። በቅሎዎች ያመጧቸው የተራራ መድፎችና ሮኬቶች፣ በተለይም አዲሱ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሰው ጨረሱ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከእንግሊዝ ወገን በኋላ ከቁስላቸው የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ዓፄ ቴዎድሮስ ከዚህ በኋላ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው በመድፍ ተደብድቦ በሩ ሲሰበር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ።

የመልስ ጉዞ

የእንግሊዝ ወታደሮች አምባውን ዘረፉ። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የተወሰዱት ጽላቶች፣ ዘውዶች፣ የወርቅና የብር ዕቃዎች፣ ብዙ የብራና መጻሕፍትም፣ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰዱ፤ በዚያም በጨረታ ተሸጡ። መድፍና ስንቅ ያወጡት እንስሳት የአገሩን ቅርስ ይዘው ወረዱ። መቅደላ ሚያዝያ 10 ቀን ተቃጠለች። ሴባስቶፖል ግን ሊወሰድ የማይቻል ከባድ ስለ ነበር እዚያው ቀረ፤ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል።

የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁና እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሄዱ። እቴጌይቱ ትግራይ ውስጥ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ልዑሉ በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ መድፍና ጠመንጃ ሰጠ። ይህም ካሳ በ1863 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን (ዋግሹም ጎበዜን) አሸንፈው ዘውድ እንዲጭኑ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ነበር። የመጨረሻው የእንግሊዝ ጦር በሰኔ ወር መጀመሪያ ዙላን ለቀቀ። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፤ የዚህም ትልቁ ክፍል የወጣው ለመርከብና ለጭነት ከብት ነው።

የኋላ ዘመኑና ሞቱ

ናፒየር በዚህ ዘመቻ ምክንያት የመቅደላው ባሮን ናፒየር ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1876 የህንድ ጦር ዋና አዛዥ፣ ከዚያም እስከ 1883 የጂብራልታር ገዥ ሆኖ ሠራ፤ በዚያው ዓመትም የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ አገኘ። ሁለት ጊዜ አግብቶ ብዙ ልጆች ነበሩት። በለንደን ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ።

በእንግሊዝ አገር ዘመቻው የመሐንዲስ ጦርነት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። በኢትዮጵያ ደግሞ ስሙ የሚነሣው ከዓፄ ቴዎድሮስ መሞት፣ ከልዑል ዓለማየሁ ዕጣና ከተወሰዱት ቅርሶች ጋር ነው። ከቅርሶቹ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ግን እስካሁን በእንግሊዝ አገር ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።