ይድነቃቸው ተሰማና የ1954ቱ ዋንጫ

የስፖርት ታሪክ ሲወሳ ግብ ያስቆጠሩት ተጫዋቾች ስም ከሕዝብ አፍ አይጠፋም። ጨዋታው የሚመራበትን ሕግና ድርጅት ያቆሙ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በሁለቱም ወገን የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ሕይወታቸውን መመርመር ለስፖርት ሙያ ባልደረቦች ሁሉ ጠቃሚ ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ስመ ጥሩው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ጋር ገና በወጣትነታቸው ተቆራኙ። ለዚሁ ክለብ 23 ዓመታት ያህል ሲሰለፉ፣ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። በጠላት ወረራ ዘመን የፋሺስት አስተዳደር ሕዝቡን በቆዳ ቀለም ሲለያይ የእግር ኳስ ሜዳውም ከዚሁ አድልዎ አላመለጠም። በአፍላ ዕድሜያቸው ያዩት ይህ ግፍ በኋላ ዘመን ለያዙት አቋም መነሻ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራች ልዑካን አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭን ቀላቅላ ማሰለፍን አልቀበልም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተሰረዘች። በዕጣው ከእርሷ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ ነገር ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም በዚያው ቡድን በዚያው ውጤት ተረታች።

ሦስተኛው ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ጥር 13 ቀን ሁለት ጊዜ ካዋረዳት ቡድን ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኘች። እንግዳው ቡድን ሁለት ጊዜ መራ፤ ባለ አገሩም በግርማ ተክሌና በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ ግቦች ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በተጨመረው ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። ዋንጫውንም አምበሉ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ይሁንና የአቶ ይድነቃቸው ትልቁ ሥራ ከዚህ ድል በኋላ የመጣ ነው። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ አንድ ቦታ ብቻ እንዲሻሙ በመደረጉ፣ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። በዚህ ትግል ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ውጤቱም ዘግይቶ አልቀረም፤ በ1962 ዓ.ም. አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፣ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ደረሰላት። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው በኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ሲያገለግሉም የዘር መድልዎን ሥርዓት ያለ ማወላወል ተዋጉ፤ ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል እንደ መሆናቸውም ድምፃቸው ከእግር ኳስ ውጭ ይሰማ ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ በአህጉሩ የተከሉት ድርጅት ጸንቶ፣ በአገራቸው ያሠለጠኑት ቡድን ክብር ግን ደብዝዞ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ዓላማ የነበረው ትውልድ ያገኘው ድል፣ ተተኪ የሚያፈራ ሥርዓት ካላገኘ በትዝታ ብቻ ይቀራል።

ይህ ትምህርት ለዋና ከተማው ብቻ አይደለም። የሀዲያ ሆሳዕና ክለብ በ2008 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ መሰለፉ ከሀቢቾ እስከ ሆሳዕና ላለው ወጣት ተስፋ ነው። በያንዳንዱ ቀበሌ ያለው አሠልጣኝ፣ ዳኛና መምህር ሕፃናትን ሳያዳላ ካልመለመለ፣ ሜዳውን ካልጠበቀ፣ ሕጉን ካላከበረ ግን ተስፋው ሥር አይሰድም። አቶ ይድነቃቸው ዋንጫ ያነሡት በአንድ ጥር ነው፤ ለፍትሕ የቆሙት ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ነው። ከዚህ ሁለተኛው ሥራቸው የምንወርሰው ይበልጣል።