የፓሪስ ሜትሮ አባት ኢንጂነር ፉልዣንስ ቢየንቬኑ

የፓሪስን የምድር ውስጥ ባቡር የገነቡት መሐንዲስ ፉልዣንስ ቢየንቬኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1852 በፈረንሳይ ምዕራባዊ ክፍል፣ ኡዜል በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። በ1881 በኖርማንዲ የባቡር መስመር ግንባታ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ ግራ እጃቸውን አጡ። ከሙያቸው ግን አልተለዩም። ወደ ፓሪስ ተዛውረው በከተማዋ የውኃ አቅርቦት ሥራ ተሰማሩ።

የሜትሮው ኃላፊነት ሲሰጣቸው የማስረከቢያው ጊዜ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን በሚያዝያ 1900 ይከፈታል፤ የመጀመሪያው መስመር ግንባታ የተጀመረው ደግሞ በ1898 መገባደጃ ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን መስመር ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ መቆፈር የማይታሰብ ስለነበር፣ ሥራው በ11 ምድብ ተከፍሎ በየአቅጣጫው ተጀመረ። ከዋናው ቁፋሮ አስቀድሞም በመስመሩ ላይ ያሉት የፍሳሽና የውኃ ቱቦዎች ተነሡ፤ አፈሩ ጎዳናዎችን እንዳያጨናንቅ ወደ ሴን ወንዝ የሚያደርሱ መተላለፊያዎች ተቆፍረው በጀልባ ተጓጓዘ። ዋሻውን የምትሠራው ከተማዋ፣ ሐዲዱን የሚዘረጋው ደግሞ ባለ ኮንሴሲዮኑ ኩባንያ በመሆኑ፣ የአንዱ መዘግየት የሌላውን እጅ ማሰሩ አይቀርም ነበር።

መስመሩ ለኤግዚቢሽኑ መክፈቻ አልደረሰም። ሆኖም ሁሉም ጣቢያ እስኪጠናቀቅ መጠበቅ አላስፈለገም፤ ሐምሌ 19 ቀን 1900 ከ18ቱ ጣቢያዎች 8ቱ ብቻ ተከፍተው አገልግሎት ተጀመረ፤ የቀሩት በቀጣዮቹ ሳምንታት ተከተሉ። ሃያ ወር ገደማ ለፈጀ ሥራ ይህ መዘግየት የሚያስወቅስ አይመስልም።

አርቆ አሳቢነታቸው ይበልጥ የሚታየው በኦፔራ አደባባይ ነው። በዚያ ሦስት መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ማለፍ ነበረባቸው። በ1904 ለአገልግሎት የሚበቃው 3ኛው መስመር ብቻ ቢሆንም፣ የሦስቱም መሻገሪያ በአንድ ግንብ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተሠራ። 7ኛው መስመር በ1910፣ 8ኛው በ1913 ሲደርሱ፣ ያ ሥራ በአደባባዩ ሥር አስቀድሞ ተጠናቆ ይጠብቃቸው ነበር።

ከሁሉ የከበደው የ4ኛው መስመር የሴን መሻገሪያ ነበር። ግዙፍ የብረት ሣጥኖች በወንዙ ወለል ውስጥ እንዲሰምጡ ተደረገ፤ በቅዱስ ሚካኤል አደባባይ አካባቢም ውኃ ያዘለው አፈር በቅዝቃዜ እንዲጠጥር ከተደረገ በኋላ ተቆፈረ። መሻገሪያው በጥር 1910 ተከፈተ፤ በዚያው ወር ግን ወንዙ ሞልቶ ሜትሮውን አጥለቀለቀው።

ቢየንቬኑ በጡረታ የተገለሉት በ1932፣ በ80 ዓመታቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት በሞንፓርናስ አቅራቢያ የሚገኝ ጣቢያ በስማቸው ተሰየመ። ነሐሴ 1936 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።