ጎታማ ቡድሃ

ጎታማ ቡድሃ (የትውልድ ስሙ ሲዳርታ ጎታማ) በ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. ገደማ በሰሜን ሕንድ ያስተማረ የቡድሂዝም መሥራች ነበር። «ቡድሃ» በሳንስክሪት «የነቃ» ማለት ሲሆን የማዕረግ ስም ነው፤ ከአማርኛው «ቡዳ» ጋር ግንኙነት የለውም።

በትውፊት መሠረት በዛሬዋ ኔፓል፣ በሉምቢኒ፣ ከሻክያ ገዢ ቤተሰብ ተወለደ። በምቾት ቢያድግም እርጅናን፣ ሕመምንና ሞትን ካየ በኋላ በ29 ዓመቱ ሚስቱን ያሾዳራንና ልጁን ራሁላን ትቶ መነነ። ስድስት ዓመት ያህል በከባድ ጾም ሰውነቱን ቢጎዳም የፈለገውን መልስ አላገኘም። ስለዚህ እንደገና መብላት ጀመረ፤ በ35 ዓመቱም በቦድ ጋያ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያሰላስል እውነቱ እንደተገለጠለት ይታመናል።

የመጀመሪያ ትምህርቱን በሳርናት ለአምስት የቀድሞ ባልደረቦቹ ሰጠ። ትምህርቱ አራት እውነቶችን ይዟል፦

* ሕይወት ሥቃይ አለባት፤
* የሥቃይ ምንጭ የማይረካ ምኞት ነው፤
* ምኞቱ ሲጠፋ ሥቃዩም ያበቃል፤ ይህም ኒርቫና ይባላል፤
* ወደዚያ የሚያደርሰው ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው፤ ከእነዚህም ትክክለኛ ንግግር፣ ትክክለኛ ሥራና ትክክለኛ ተመስጦ ይገኙበታል።

መንገዱ ቅንጦትንም ራስን ማሠቃየትንም ስለማይቀበል «መካከለኛው መንገድ» ይባላል። ሲዳርታ ሁለቱንም በራሱ ሕይወት ሞክሯቸው ነበር።

ለ45 ዓመታት ያህል እየተዘዋወረ ሲያስተምር፣ ከተለያየ መደብ የመጡ ወንዶችንና ሴቶችን በምንኩስና ተቀበለ። በ80 ዓመቱ በኩሺናጋር አረፈ። በትውፊቱ እንደሚነገረው ተተኪ አልሾመም፤ ተከታዮቹ በትምህርቱ እንዲመሩ ብቻ አዘዘ።