የካንሰርን ዘር ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ያዩት ሐኪም

አንድ ዘር በሁሉም መሬት እኩል እንደማይበቅል ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። ገብስ ደጋውን፣ ማሽላ ቆላውን ይወዳል፤ በዋልካ ያማረ ሰብል በጭንጫ ላይ ቀጭጮ ይቀራል። ይህንን የማሳ እውቀት ለካንሰር ጥናት መነሻ ያደረጉት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስቲቨን ፓጀት ናቸው።

ፓጀት እ.ኤ.አ በ1855 በለንደን ተወለዱ። አባታቸው ሰር ጀምስ ፓጀት በዘመናቸው እጅግ ከታወቁት የብሪታንያ ሐኪሞች አንዱ ሲሆኑ፣ ንግሥት ቪክቶሪያንም በሐኪምነት አገልግለዋል። አጥንትን የሚያወፍርና የሚያጎብጥ አንድ በሽታ፣ እንዲሁም በጡት ጫፍ ላይ የሚታይ አንድ የካንሰር ዓይነት እስከ ዛሬ በአባትየው ስም ይጠራሉ። ልጅየው በኦክስፎርድ ተምረው አባታቸው ባገለገሉበት የለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሕክምና ሙያን ቀሰሙ። በእንዲህ ያለ አባት ጥላ ሥር የራስን ስም መትከል ቀላል አልነበረም።

በዚያ ዘመን የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ተስፋዋ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነበር። ጡቷ ተቆርጦ ቁስሉ ከሻረ በኋላም በሽታው በወራት ወይም በዓመታት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉበቷ ያብጣል፣ ወገቧን ያማታል፣ የጭን አጥንቷም ያለ ከባድ አደጋ ሊሰበር ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ስርጭቱን በአጋጣሚ ያዩት ነበር። ከዕጢው የተገነጠለ ቅንጣት በደም ተወስዶ በደረሰበት ይቀራል ብለው ያስቡ ነበር።

ፓጀት ግን ቆጠራ ጀመሩ። በጡት ካንሰር ሕይወታቸው ያለፈ የ735 ሕሙማንን መዝገብ ሰብስበው በሽታው የት የት እንደደረሰ መረመሩ። በ241ዱ ጉበት ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል፤ በጣፊያ ውስጥ የተገኘው ግን በ17ቱ ብቻ ነበር። ጣፊያም እንደ ጉበት ብዙ ደም የሚደርሰው አካል ነው። ነገሩ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር። በአጥንቶችም ላይ ተመሳሳይ ነገር አስተዋሉ፤ ካንሰሩ አንዳንዶቹን አዘውትሮ ያጠቃል፣ ሌሎቹን ግን እምብዛም አይነካም።

እ.ኤ.አ በ1889 ውጤቱን ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የካንሰር ሕዋስ ነፋስ እንደሚበትነው ዘር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፤ የሚበቅለው ግን በሚስማማው መሬት ላይ ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ ዘሩን ከሚያጠኑት ጎን ለጎን መሬቱን የሚመረምሩ እንደሚያስፈልጉ አሳሰቡ። ሐሳቡን ሁሉ የራሳቸው አላደረጉትም፤ ኦስትሪያዊው የዐይን ሐኪም ኤርንስት ፉክስ ቀደም ብለው የጠቆሙትን በጽሑፋቸው አንስተዋል።

ሐሳቡ ግን በጊዜው ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። ፓጀትም በጆሮና በጉሮሮ ሕክምና ከሠሩ በኋላ ወደ መጻፍ አዘነበሉ። የአባታቸውን ጨምሮ የታላላቅ ሐኪሞችን ሕይወት ጻፉ። በእንስሳት ላይ የሚደረግ ሙከራ ይቁም የሚል ክርክር በብሪታንያ በበረታበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ በ1908 ለሕክምና ምርምር የሚከራከር ማኅበር መሠረቱ። እ.ኤ.አ በ1926 ሲያርፉ ያ የ1889 ጽሑፍ የሚገባውን ክብር ገና አላገኘም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም አሜሪካዊው ሐኪም ጀምስ ዩዊንግ ስርጭቱን የሚወስነው የደም ፍሰት መንገድ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ይህም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ገዥ ሆኖ ቆየ።

ፍርዱ የተገለበጠው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ በ1980 አይዛያ ፊድለርና ኢያን ሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች ከሳንባ፣ ከእንቁልጢና ከኩላሊት የተወሰዱ ቁራጮችን በአይጦች ገላ ውስጥ ተክለው የካንሰር ሕዋሳት በደማቸው ውስጥ ለቀቁ። ሕዋሳቱ ወደ ሁሉም ደረሱ፤ በሳንባውና በእንቁልጢው ቁራጭ ዕጢ ሲበቅል በኩላሊቱ ግን አልበቀለም። ዘሩም ደም ሥሩም አንድ ሆኖ መሬቱ ተለያየ። የደም ፍሰት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ብቻውን እንደማይወስን ታየ።

ዛሬ አጥንት ለጡት ካንሰር ለምን ለም መሬት እንደሚሆንለት በተሻለ ሁኔታ ይታወቃል። አጥንት ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትርም ይገነባል። ካንሰሩ አፍራሽ ሕዋሳቱን ያነሣሣል፤ ከፈረሰው አጥንት የሚወጡት አሳዳጊ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ካንሰሩን መልሰው ይመግባሉ። በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ ጡንቻን ጭምር ያዳክማል። የአጥንትን መፍረስ የሚገቱ መድኃኒቶች ስብራትን የሚቀንሱትም በዘሩ ላይ ሳይሆን በመሬቱ ላይ በመሥራት ነው።

ለዚህም ነው ዛሬ ሐኪሞች ከጡት ካንሰር የታከመች ሴት የማይለቅ የወገብ ወይም የአጥንት ሕመም ሲሰማት፣ የድካም ነው ብላ ሳታሳልፈው ፈጥና እንድትመረመር የሚመክሩት። የሕመሙ መነሻ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና አጥንት ይህ ዘር ከሚወዳቸው ማሳዎች አንዱ መሆኑን ፓጀት ከመቶ ዓመታት በፊት ከሙታን መዝገብ ላይ አንብበውታል።