የዓይኑ ብርሃን ቢጠፋም ሥራው ያልቆመው የሒሳብ ሊቅ፦ ሌዮናርድ ኦይለር

ሌዮናርድ ኦይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 1707 በስዊዘርላንድ ባዜል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩና ልጃቸው የእርሳቸውን ፈለግ እንዲከተል ይመኙ ነበር። የልጁ ልብ ግን ወደ ቁጥር አዘነበለ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተቀበለ የከበዱትን ጥያቄዎች ያብራራለት ነበር። በኋላም አባትየውን አግባብቶ ልጁ በሒሳብ እንዲገፋበት አስፈቀደ።

ኦይለር በ1727፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ወደ ሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ አቅንቶ በቅርቡ በተቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ በጎንደር ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ በካፋ ናቸው። ወጣቱ ሊቅ በዚያው ዓመት በጻፈው ጥናት ፈንክሽኖችን፣ ማለትም አንድ ቁጥር ሲሰጣቸው ሌላ ቁጥር የሚመልሱ የስሌት ሕጎችን፣ ተጋማሽና ኢተጋማሽ ብሎ ለየ።

ልዩነቱ ለገበሬም ሆነ ለነጋዴ ዓይን እንግዳ አይደለም። ቀንበር በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ ተስተካክሎ ሲያርፍ፣ ከመካከሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በእኩል ርቀት ያለው ከፍታ አንድ ነው፤ ተጋማሽ ፈንክሽን እንዲህ ነው። የሚዛን አንዱ ክንድ ከፍ ሲል ግን ሌላው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ኢተጋማሹ ይህን ይመስላል። በቁጥር ስናየው፣ ሁለት 3 ቁጥሮች ሲባዙም ሆነ ሁለት ኔጌቲቭ 3 ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ 9 ነው። ሦስት 3 ቁጥሮች ሲባዙ ግን 27፣ ሦስት ኔጌቲቭ 3 ቁጥሮች ሲባዙ ደግሞ ኔጌቲቭ 27 ይሆናል። ስያሜውም የመጣው ከዚህ ነው፤ ሁለት ተጋማሽ፣ ሦስት ኢተጋማሽ ቁጥር ነውና። የአንዱን ወገን ያወቀ ሰው የሌላውን እንደገና ማስላት አያስፈልገውም። የድምፅና የኤሌክትሪክ ሞገድን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዛሬም በዚህ መንገድ ድካማቸውን ይቀንሳሉ።

በፍሬ የተሞላው ሕይወቱ በመከራም የተፈተነ ነበር። በ1738 የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ደከመ። ከ1741 ጀምሮ ለ25 ዓመታት በበርሊን ሲያገለግል ንጉሡ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በአንድ ዓይናነቱ ይሳለቁበት ነበር። በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ቢመለስም፣ ብዙም ሳይቆይ የግራ ዓይኑ በሞራ ተጋረደ። በ1771 ቤቱ በእሳት ሲጋይ የአገሩ ሰው የሆነ የእጅ ባለሙያ አዝሎ አወጣው። ከ2 ዓመት በኋላ ባለቤቱ ካታሪና አረፈች። ከወለዷቸው 13 ልጆች ለአካለ መጠን የበቁት 5 ብቻ ነበሩ።

ሥራው ግን አልቆመም። ረጅሙን ስሌት በአእምሮው እየሠራ ለልጆቹና ለረዳቶቹ በቃሉ ያስጽፍ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ሰፊውን ትምህርት በቃላቸው ይዘው የሚያስተምሩ የኔታን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትጋት ሩቅ አይሆንበትም። የአልጀብራ መጽሐፉን ያስጻፈው የልብስ ስፌት ሙያ ለተማረ አንድ ወጣት ነው፤ ወጣቱም የሚነገረውን እየጻፈ ሒሳቡን ተረዳው። በ1775 ብቻ ከ50 በላይ ጥናቶችን አዘጋጀ። የዕድሜ ልክ ሥራዎቹም ከ850 ይበልጣሉ።

ኦይለር ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783፣ በ76 ዓመቱ፣ በዚያ ዘመን አዲስ ስለተገኘችው ዩራነስ ፕላኔት ጉዞ ሲወያይ ከዋለ በኋላ በድንገት አረፈ። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ እስከ ጎንደር ባሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የክብን ስፋት ለማስላት የሚጽፉትን የፓይ ምልክት በዓለም ያስለመደው እርሱ ነው፤ ፈንክሽንን የሚገልጹበት አጻጻፍም የእርሱ ነው።